ተራ ቁጥር ሰባ አራት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሐዋሳ አዲስ ከተማ ካለው ቤቴ አንዲት ወጣት መጣች። አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፣ እጇ ላይ ታብሌት ይዛለች። የቤተሰብ ጤና መረጃ እየሰበሰበች ነው። ግቢ አልኳት፤ ሻይ ቀዳሁላት፤ ጥያቄዋን ጀመረች። ከእኔ ጋር የምትኖረው የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

«ክብደቷ ስንት ነው እማማ?»

«መዝኛታ።»

ሚዛኑ ባጃጅ ውስጥ ቀርቷል አለችኝ። ከዚያ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻትና አንድ ቁጥር ነካ ነካ አደረገች። ሳላስበው እጇን ለቀም አድርጌ ያዝኩት።

«አጥፊው» አልኳት።

«ልዩነቱ እኮ ትንሽ ነው እማማ። ዓይኔ ለምዷል።»

«አጥፊውና ሚዛኑን አምጪ።»

ደነገጠች። ወጥታ አመጣችው፤ ሕፃኗን መዘነች፤ ትክክለኛውን ጻፈች፤ ሻይዋንም ሳትጨርስ ሄደች። እንዲያ መቆጣቴ አሳፍሮኝ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ቁጣው የእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያ ቁጣ ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው፤ ባለቤቱም ሌላ ሰው ነው።

ያኔ የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጁ ዛሬ የለም፤ ስሙንም አላነሳም። እናቴ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጥ ነበር። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ እሷ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ክንፋቸውን ሰብስበው እንደ ዕድር ሽማግሌ ይቆማሉ፤ አንጀት ሲወረወር ግን ሽምግልናቸውን ረስተው ይሻማሉ። እናቴ በትንሽ ቢላዋ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሦስት ምት ገፍፋ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ታስቀምጣለች። እኔ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ እረዳትና በሳሙና ታጥቤ ወደ ክፍል እሮጣለሁ። የዓሣ ሽታ ግን ሳሙና አይፈራም። ደብተሬ ውስጥ ሁሉ ይገባ ነበር።

ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና ቁጥሮችን ስሌት፣ ያስተማረን አቶ መስፍን ነው። አንቱ እለው ነበር ያኔ፤ ዛሬ አልለውም። በሐዋሳ ሙቀት ክራባት የሚያስር፣ ጠመኔ በነካ ቁጥር ጣቱን በነጭ መሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው፤ አማካይና መካከለኛ ምን እንደሚለያቸው ጠየቀ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ስምንት ቆሮሶና አንድ ትልቅ አምባዛ ቢኖረን፣ አማካዩን አምባዛው ብቻውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። በመጠናቸው ደርድረን መሃል ላይ ያለውን ብናነሳ ግን አምባዛው ምንም አያደርገውም።»

መልሱ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ወጣት በዚሁ ምሳሌ አስተምሬያለሁ። አቶ መስፍን ግን መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገና «ለካ ሽታው ከዚህ ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ጨመረበት። «አንቺ አምባዛ፣ ተነሺና መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። ነፋስ ይግባ።»

ተነሳሁ። ደብተሬን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ አስቴር የሚለውን ስሜን የሚያውቅ ጠፋ። ለሻይ ስሰለፍ አምባዛ፣ ቤተ መጻሕፍት ስገባ አምባዛ ሆንኩ።

ምናልባት እሱን እችለው ነበር። አንድ ቀን ግን እናቴ ምሳዬን ረስቼ በመውጣቴ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ በሩ ድረስ መጣች። ከወንዶቹ አንዱ ከውስጥ «አምባዛ! እናትሽ መጣችልሽ!» ብሎ ጮኸ። ስደርስ እናቴ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ምሳ ስታመጣልኝ በሩ ጋ አልደረሰችም፤ መንገዱን ተሻግራ ጃካራንዳው ዛፍ ሥር ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ስቀበላት እጇ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። በሎሚ ፈትጋው ነው የመጣችው። ቢላዋ የቆራረጠውን ያንን እጅ በሎሚ! ያኔ ነው በልቤ የማልኩት። ይህን ሰው በሰው ፊት አዋርደዋለሁ አልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

እሱ ቀደመኝ። የመጀመሪያው መንፈቅ ማብቂያ ፈተና ላይ እኔና ሰሚራ ለአንድ ከባድ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ሰጠን። ሰሚራ ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው ገበያው ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ከክፍላችን በሒሳብ የሚስተካከላት የሌለ ልጅ ነበረች። አቶ መስፍን ቀድታለች ብሎ እኔን ጣለኝ፤ እሷን አሳለፋት። ሰሚራ ራሷ ቢሮው ሄዳ «አስቴር አልቀዳችም፤ መሃላችን ሁለት ወንበር ነበር» ብትለው «የአንቺን ጭንቅላት አውቀዋለሁ፤ የእሷንም አውቀዋለሁ» ብሎ መለሳት። ድጋሚ ፈተና ነበረኝ። እሱንም ከወደቅኩ ከኮሌጁ እሰናበታለሁ።

በዚያ ምክንያት ነው ሰሚራና እኔ ጓደኛሞች የሆንነው። ከክፍል በኋላ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠን፣ ሸንኮራ እየመጠጥን ታስጠናኝ ነበር። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አልገባ ብሎኝ ነበር። ቀመሩን በቃሌ እይዘዋለሁ፣ ምን እንደሚያወራ ግን አላውቅም። አንድ ቀን ሰሚራ እርሳሷን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ።

«እናትሽ ጋ ሁለት ክምር ዓሣ አለ እንበል። የሁለቱም አማካይ እኩል ነው። በአንዱ ክምር ሁሉም ዓሣ አንድ ዓይነት መጠን አለው። በሌላው ትንሽም ትልቅም ተቀላቅሏል። ከሐይቅ የወጣው የትኛው ነው?»

«የተቀላቀለው ነዋ! ሐይቅ እኩል ዓሣ ሰጥቶ ያውቃል?»

«ያ መቀላቀል ስንት እንደሆነ የሚነግርሽ እሱ ነው። ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃሉ? በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም።»

ገባኝ። በማግስቱ ጠዋት የእናቴን ሚዛን ወስጄ ዓሣውን አንድ በአንድ እየመዘንኩ መጻፍ ጀመርኩ። ወር ሙሉ አላቋረጥኩም። እናቴ አበድሽ እንዴ አለችኝ። አላበድኩም። የእውነት ቁጥር ምን እንደሚመስል ዓይኔ ለመደ፤ የተንጋደደ፣ የማይታዘዝ፣ አንዱ ከሌላው የማይገጥም። ሰሚራ ግን ታየኝ ነበር። «አንቺ የምትማሪው ለማለፍ አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን። «ቢላዋ እንደሚስል ሰው ነው የምትማሪው።» አልካድኳትም።

የካቲት ላይ አቶ መስፍን ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እስር ቅጽ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡሹሎ አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ ሕፃናትን ሁለት ጊዜ መዝኖ ያጠናው ጥናት ነው፤ አንዴ በግንቦት፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በኅዳር። መጋቢት ላይ በአዳራሹ በእንግዶች ፊት ሊያቀርበው ነው።

«ድጋሚ ከመፈተንሽ በፊት ልምምድ ያስፈልግሻል» አለኝ። «እነዚህን በንጹህ መዝገብ ላይ ገልብጪልኝ። መቅዳት መቼም ታውቂያለሽ።»

ፈገግ አለ። እኔም «እሺ መምህር» አልኩ።

ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ መገልበጥ ጀመርኩ። የግንቦቱ ቅጾች ተጨማድደዋል፤ ጭቃ ነክቷቸዋል፤ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተጽፈዋል። የኅዳሮቹ ግን ሳይታጠፉ የቆዩ፣ ንጹህ፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ የተሞሉ ናቸው። እሱን እንኳ መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ያስቆመኝ ቁጥሩ ነው። በግንቦት ልጆቹ የሐይቅ ዓሣ ነበሩ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ከሲታ። በኅዳር ሁሉም እንደ ሰልፈኛ እኩል ተራምደዋል። የጨመሩት ክብደት ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። የከሳ የለም። የታመመ የለም። ቀበሌውን ለቆ የሄደ የለም። የዚያን ዓመት ክረምት የቡሹሎ ሕፃናት በተቅማጥ ማለቃቸውን እኔ አክስቴ እዚያ ስላለች አውቃለሁ። በአቶ መስፍን ወረቀት ላይ ግን አንድም ልጅ ሆዱን አላመመውም። አማካዩን ጥሩ አድርጎ ነው የፈጠረው፤ ማንም ቢያየው ያምነዋል። መበታተኑን መፍጠር ግን አልቻለበትም።

የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ለሰሚራ ነገርኳት። እሷ «ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም» አለች። «ሄደን እንጠይቅ። የምንጠይቃቸውን ቤቶች ግን አንቺ አትመርጪም፤ በዕጣ ነው።» የልጆቹን ተራ ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ በሻሿ ውስጥ አደባልቀን አሥር አወጣን። ቅዳሜ ጠዋት በጋሪ ተሳፍረን ወደ ቡሹሎ ሄድን። የበጋው አቧራ ፈረሱን እስከ ጉልበቱ ይውጠው ነበር። ከእንሰቱ መሃል ያሉትን ቤቶች እየጠየቅን አገኘናቸው። የእናቴ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ የማነጋግራቸው እኔ ነበርኩ። ሁሉም እናቶች የተናገሩት አንድ ነው። በግንቦት ሰዎች መጥተው ልጆቹን ዋርካው ሥር ሰብስበው መዘኑ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም።

አራተኛው ዕጣ ተራ ቁጥር ሰባ አራት ነበር። ታምራት የሚባል ወንድ ልጅ፤ በኅዳሩ ቅጽ ላይ ስምንት ኪሎ ተኩል። እናቱ አየለች ትባላለች፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ቆጮና ጎመን አቀረበችልን። ታምራት የት አለ አልኳት።

«ነሐሴ ላይ ቀበርኩት» አለችኝ።

ሰሚራ ሲዳምኛ ባትሰማም ከፊቷ አነበበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አየለች ድምጿን ሳታነሳ ቀጠለች። «ያን ጊዜ ሲመዝኑት ክራባት ያሰረው ሰውዬ፣ ልጁ ከስቷል፣ የሚረዳውን ይዘን ተመልሰን እንመጣለን፣ እስከዚያ ጠብቂን አለኝ። ጠበቅኩ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። ጎረቤቶቼ ጤና ጣቢያ ውሰጂው ሲሉኝ፣ የተማሩት ሰዎች ጠብቂ ብለውኛል እላቸው ነበር። ስሄድ ብንተላለፍስ? ስሜን ጽፈውታል እኮ።»

አሁን የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ያንን ሰምቼ እንባዬ መጣ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ውስጤ አንድ ነገር ዘለለ። ያዝኩህ አልኩ። የሞተ ልጅ አግኝቼ ሆዴ በደስታ ሞላ።

ስንመለስ ጋሪው ላይ ሰሚራ «በጽሑፍ ለኮሌጁ ዲን እንስጥ» አለች። አይሆንም አልኳት። እኔን ያዋረደኝ በጽሑፍ አይደለም፤ በሰው ፊት ነው።

«እሺ፣ በሰው ፊት ይሁን። ሴትየዋን ግን ተያት።»

«ከሷ የበለጠ ማስረጃ አለ?»

«እሷ ማስረጃ ናት እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

አልተውኳትም። ጥናቱ የሚቀርብበት ቀን ጠዋት ቡሹሎ ሄጄ አየለችን ይዣት መጣሁ። ስለ ሕፃናት ጤና ስብሰባ አለ፣ ቁጭ ብለሽ ብትሰሚ በቂ ነው አልኳት። ጥሩ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ መጣች። አዳራሹ መሃል፣ አጠገቤ አስቀመጥኳት። እናቴንም ጠርቻት ነበር፤ ከኋላ ተቀምጣለች።

አቶ መስፍን በፕሮጀክተር ሠንጠረዡን ግድግዳው ላይ አበራው። አማረበት። በሁለተኛው ዙር ቡድናችን ቤት ለቤት ዞሮ እያንዳንዱን ልጅ መዝኗል አለ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። አይቶኝ አለፈኝ። ዲኑ፣ አንድ ሸበቶ ሰው፣ «እዚያ ያለችውን ልጅ» አሉና ዕድል ሰጡኝ።

«አንድም ልጅ አልጠፋም? የታመመ፣ የሞተ የለም?» አልኩ።

«የለም። እንደምታዪው ነው።»

«ተራ ቁጥር ሰባ አራት በኅዳር ስንት መዘነ?»

ወረቀቱን ገለጠ። ልምድ ባለው ሰው ትዕግሥት «ስምንት ኪሎ ተኩል። ምነው?» አለ።

«ስሙ ታምራት ነው። ነሐሴ ላይ ተቀብሯል። እናቱ ይችውና አጠገቤ ተቀምጣለች።»

ሦስት መቶ ራስ ወደ እኛ ዞረ። አቶ መስፍን መሐረቡን አወጣ፤ አፍንጫው ላይ ሳይሆን ግንባሩ ላይ አደረገው። ያንን ፊት አየሁት፤ ጠገብኩት፤ እንደ ማር ላስኩት። ልመልስልሽ ብባል አሁንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አየዋለሁ።

አየለች ክንዴን ነካችኝ። አማርኛ እምብዛም አትሰማም፤ ከተባለው ሁሉ ታምራትና ኪሎ የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ለይታለች። ዓይኗ በርቶ ነበር። በሲዳምኛ በቀስታ ጠየቀችኝ።

«ስንት ደረሰ አሉ?»

አልመለስኩላትም። ሰው ሁሉ የሚያያት ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መልሴን እየጠበቀች ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም።

የሆነው ግን ሆነ። ዲኑ ቅጾቹን ሁሉ አስመረመሩ፤ ሁለተኛው ዙር ጠቅላላ ቢሮ ውስጥ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። አቶ መስፍን ከኮሌጁ ተባረረ። ድጋሚ ፈተናዬን ሌላ መምህር አወጣው፤ በጥሩ ውጤት አለፍኩ። አምባዛ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። እናቴ በጉዳዩ ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአዳራሹ ስንወጣ «ያቺን ልጅ ምሳ አብልተሽ ነው የምትሸኚያት?» አለችኝ። ረስቼው ነበር። ሰሚራ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ አላናገረችኝም።

ከተመረቅኩ በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዤ ቡሹሎ ሄድኩ። አየለች ያን ቀን የተባለውን ቆይታ ከሰው ሰምታዋለች። ይቅር በይኝ አልኳት። እሷ ስለ እኔ ይቅርታ ለመስማት ጊዜ አልነበራትም።

«ሰውዬው ተቀጣ?» አለችኝ።

«ከሥራው ተባረረ። ከተማውን ለቆ ሄዷል።»

«የሄደበት አገር ልጆች አሉ?»

«አሉ መሰለኝ።»

«ይመዝናቸዋል?»

አላውቅም አልኳት። እንሰቱን መፋቋን ሳታቋርጥ «እንግዲያው አልጨረስሽም» አለችኝ።

አልጨረስኩም። ከዚያ ወዲህ ባለው ዕድሜዬ ያ ሰው በጤና ሥራ በተቀጠረበት ቦታ ሁሉ የሠራውን የሚናገር ደብዳቤዬ ቀድሞት ወይም ተከትሎት ደርሷል። ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ ነው የምልከው። ከሦስተኛው ደብዳቤ በኋላ ሙያውን ተወው፤ አሁን የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል ይሉኛል። በሥራዬም የመረጃ ሰብሳቢዎች ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ከሚመጣልኝ ቅጽ በዕጣ አውጥቼ፣ ራሴ በእግሬ ሄጄ በር አንኳኳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጠንቃቃ ናት ሲሉ እሰማለሁ። ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ እነሱ ግን አያውቁም።

ፓስተራችን ታሪኩን ያውቃል። «እህት አስቴር፣ አሁንስ ይቅር በይው፤ ሸክሙ ለራስሽ ነው» ይለኛል። አስቤበታለሁ። አምባዛ ያለኝን ይቅር ብየዋለሁ፤ የእናቴንም እጅ እንኳ እየከበደኝ ይቅር ብየዋለሁ። የቀረውን ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም፤ የአየለች ነው። እሷ ዛሬም እዚያው ቡሹሎ፣ እዚያው ቤት አለች። ይቅርታ ከፈለገ እሷ ጋ ይሂድ። መንገዱን ግን ሰው ጠይቆ ነው የሚሄደው፤ እሱ እዚያ ቤት ደርሶ አያውቅም።